ማራገቢያው የቆመ ሰሞን

ሰዎች ጋሽ ቀዳዳ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት አንድ ግንበኛ ነው። ልስኑ ገና ያልደረቀ ግድግዳ እንዲበሳ ሲያዘው ተናደደና «ይሄ ሰውዬ ግድግዳ ሲያይ ጠላቱን ያየ ይመስለዋል እንዴ!» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ሥራው ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ የጋዝ ማሞቂያዎችን መስቀል ነው፤ መጋዘን ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ጣሪያው ከፍ ያለና ብርዱ አጥንት የሚሰብር አዳራሽ ሁሉ ውስጥ። ማሞቂያውን ለመስቀል ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የቀረውን ቀን የሚጨርሰው ስለ አየር ሲጨቃጨቅ ነው።

«እሳት ይተነፍሳል፤ እሱ የተነፈሰውን ደግሞ እናንተ መልሳችሁ እንዳትተነፍሱት» ይላል። አንዳንዱ ማሞቂያ የራሱ የጭስ ማውጫ ቱቦ አለው፤ ቱቦውን በግድግዳ አሳልፎ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፣ አለቀ። ሌላው ግን ፊቱ እንደ ፍም የሚቀላ፣ ቱቦ የሚባል ነገር የሌለው ነው። የተቃጠለው አየር እዚያው ሰዎቹ መሐል ይቀራል። ለዚህኛው ከግድግዳው እግር ሥር ንጹሕ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች፣ ከማሞቂያዎቹ በላይ ደግሞ የተቃጠለውን ስቦ የሚያወጣ ማራገቢያ ያስፈልገዋል። ማራገቢያው ካልዞረ ጋዙን የምትዘጋ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል መቆጣጠሪያም አለች። ጋሽ ቀዳዳ ይህቺን ዕቃ የሚያከብራትን ያህል የሚያከብረው ሰው ጥቂት ነው። «እሷን ተዋትና ቶሎ ጨርስልን» ያሉትን ስንቱን ባለ ንብረት ጥሎ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ሄዷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ሳቁበት። እሱም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለቀቀም።

የለቀቀው ለእህቱ ነው።

እህቱ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ትምህርቷን ትታ መርፌ ያዘች። አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ዳረችው፤ የራሷን ነገር ሳታስበው ጊዜው አለፈ። ዛሬ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሥራ ልብስ በሚሰፋበት አዳራሽ የሠላሳ አራት ሴቶች ኃላፊ ናት። የአዳራሹን ስድስት ማሞቂያዎች የሰቀለው እሱ ራሱ ነው፤ ቱቦ የሌላቸውን ዓይነት። እህቱ የምትውልበት ቦታ ስለሆነ እያንዳንዱን ብሎን ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር ያየው።

በብርዱ ወራት አጋማሽ የማራገቢያው ሞተር ተቃጠለ። መቆጣጠሪያዋ የታዘዘችውን አደረገች፤ ጋዙን ዘጋች፣ ማሞቂያዎቹም ጠፉ። አዲስ ሞተር እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል ተባለ። ሁለት ቀን ሴቶቹ የጓንታቸውን ጣት እየቆረጡ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ እየከተቱ ሰፉ። በሦስተኛው ቀን የአዳራሹ ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሙቀት እስኪመጣ ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ቀን ደግሞ አይከፈልም» አለና ሄደ። እህቱ የዚያኑ ቀን ደወለችለት።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን ዕቃ አታታልልልኝም?»

«እትዬ፣ እሷ ለመታለል አይደለም የተሠራችው። እሷን ማታለል ሰው መግደል ነው።»

«ከነዚህ ሴቶች ግማሾቹ ቤታቸው የሚጠብቀው እነሱን ብቻ ነው። ምን ይዋጣቸው? ስድስት ቀን እኮ ነው የቀረው። እስቲ አንድ ቀን ምንም ነገር ለምኜህ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው፣ አታውቅም። ያለቀለትም በዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጋበት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ሳይገቡ መጣ። መሰላሉን አቁሞ ወጣና ሁለቱን ሽቦዎች አገናኘ፤ ማራገቢያው እንደቆመ መቆጣጠሪያዋ የሚዞር መሰላት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ወረደና እህቱን ደጋግሞ አስጠነቀቃት፤ ሁለቱ ትላልቅ በሮች አንድ አንድ ክንድ ተከፍተው ይዋሉ፣ የታች ቀዳዳዎች አይደፈኑ፣ ከስድስቱ ማሞቂያ ሦስቱ ብቻ ይብራ። ከሁለቱ በቀር ነገሩን የሰማ የለም። ባለቤቱ ማሞቂያው ሲበራ አየ፤ እንዴት እንደበራ ግን አልጠየቀም፤ ያልጠየቀው ነገር እንደማያስጠይቀው ያውቃል።

ሦስት ቀን ያለ ኮሽታ አለፈ። በአራተኛው ቀን ነፋስ ተነሳ። በበሮቹ ክፍተት እየገባ የተቆረጠውን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ ይበትነው ጀመር። በሩ አጠገብ የምትቀመጠው የልብስ ቁልፍ ተካይ ከወሊድ ከተመለሰች ሳምንቷ ነው፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማል። በሮቹ ተዘጉ። ማን ዘጋቸው ቢባል እስከ ዛሬ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። የታች ቀዳዳዎቹም በጨርቅ ቁርጥራጭ ተወተፉ፤ ቁርጥራጭ በሞላበት ቤት እግሩን የበረደው ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ስድስቱም ማሞቂያ በራ። ሴቶቹ ከብዙ ቀን በኋላ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ተሳሳቁ፣ አንዷም ዘፈነች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ እህቱ ደወለች። እሱ ሌላ ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ ጣሪያ ሥር መሰላል ላይ ነበር፤ እጁ ቱቦ ይዟል፣ ስልኩ በትከሻውና በጆሮው መሐል ነው።

«ወንድምዬ፣ ጉንፋን ገባብን መሰለኝ። ትናንት ሁላችንንም ራሳችንን ሲፈልጠን ዋለ፤ ቁልፍ ተካይዋንማ አስመለሳት። የሚገርምህ ቤቴ ስገባ ለቀቀኝ፤ ዛሬ ደግሞ ይኸው ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ሰዓት ሳይሆነኝ መልሶ ያዘኝ።»

«ሰሞኑን ያላመመው ሰው የለም እትዬ። ትኩስ ነገር ጠጪበት» አላትና ዘጋ።

እዚህ ላይ ነው ፍርድ የሚቸግረው። ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሲለፈልፍ የኖረው ይህንኑ ነው። ከእሳቱ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ምልክቱ ሥራ ቦታ የሚጀምር፣ ቤት ሲገቡ የሚተው ራስ ምታት ነው ይል ነበር። ያንን ምልክት ቃል በቃል በጆሮው ነገሩት፣ አልሰማም። የእህቱ ድምፅ ሲመጣ ሙያው ከላዩ ይወልቃል፤ የምትቆጣውና የምትጨነቅለት እትዬ ብቻ ትቀራለች። ቱቦውን ማጥበቁን ቀጠለ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የጋራዡ መካኒክ ከታች አንጋጦ፣ «ጋሽ ቀዳዳ፣ ይህን ሁሉ ግድግዳ ባትበሳብን ምን ይመጣብናል?» ብሎ አሾፈበት።

እሱም እንደ ልማዱ ትምህርቱን ጀመረ። «መጀመሪያ ራስህን ያምሃል። ጉንፋን ይመስልሃል። ከዚያ ቤትህ ስትገባ...»

ፊቱ አመድ መሰለ። መካኒኩ የሚወድቅ መስሎት መሰላሉን ያዘለት።

ደወለ፤ አይነሳም። መልሶ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። «አምቡላንስ ጥራ! ወደ ስፌቱ አዳራሽ በል!» ብሎ ለመካኒኩ ጮኸበትና የመጀመሪያውን ታክሲ ፊት ለፊቱ ቆሞ አስቆመ። መንገዱ አላልቅ አለው። ሹፌሩን ይሳደባል፣ መልሶ ይለምነዋል፣ ስልኩን ይደውላል። በየመሐሉ «ስድስት ቀን ብቻ፣ ስድስት ቀን ብቻ» ይላል፤ ሹፌሩ ያበደ ሰው የጫነ መሰለው።

እንደደረሰ መጀመሪያ ከውጭ ያለውን የጋዝ መዝጊያ ዘጋ። ከዚያ በሮቹን በትከሻው እየገፋ አንድ በአንድ በረገዳቸው። ውስጡ ሞቃትና ጸጥ ያለ ነበር። ሴቶቹ ገሚሶቹ የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው የተኙ ይመስላሉ፤ ገሚሶቹ ወለሉ ላይ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ወደ በሩ ሊድሁ ሞክረው መሐል መንገድ ላይ ቀርተዋል። አንዷ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀርቶ፣ መኪናዋ ጨርቅ በሌለበት ብቻውን ይሰፋል። ትንፋሹን ይዞ እየገባ፣ አንዷን እየጎተተ እያወጣ፣ ነፋሱ ላይ አስተኝቶ እንደገና ገባ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አያውቅም። እህቱን ያገኛት ከሁሉም ጀርባ ነው፤ ክንዷ አንዲት ልጅ ብብት ሥር ነበር፤ ልታወጣት ስትጎትት ነው የወደቀችው።

ሠላሳ ሦስቱና እህቱ ተረፉ። ቁልፍ ተካይዋ ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች፤ የሦስት ወር ልጅ ትታ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ለሰው የሚነገር አይደለም። ሁሉም አመሰገነው! «ጋሽ ቀዳዳ ባይደርስ ኖሮ» የማይል ሰው ጠፋ። የሟቿ ባል በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እጁን ይዞ፣ «አንተስ የምትችለውን አድርገሃል» ብሎ አለቀሰበት። እሱ እጁን መንጠቅ ፈልጎ አልቻለም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የአዳራሹ ባለቤት ተጠይቆ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሽቦ የሚባል ነገር አላየሁም ብሎ ማለ። መርማሪው የተገናኙትን ሽቦዎች ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ጋሽ ቀዳዳ መጣ፤ ሊጠረጥረው ሳይሆን ሊያማክረው።

«እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ይህን ሊያደርግ የሚችል ማን ይመስልዎታል?»

«እህቴ ትንቃ። እሷን ካየሁ በኋላ እነግርዎታለሁ» አለ። ሊሸሽ አልነበረም። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ፈልጎ ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ዓለም ላይ አብራው ልትሸከመው የምትችል እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም ፈልጎታል።

በሦስተኛው ቀን ነቃች። አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን መስመር አለ፤ ዓይኗ ግን የድሮው ዓይኗ ነው። ስታየው እጇን ዘረጋችለት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያዘው።

«አንተ ነህ አሉ ያወጣኸን።»

«እትዬ፣ ምን ታስታውሻለሽ?»

«ማራገቢያው ሲቆም፣ ጣቴ ሲደነዝዝ። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ሐኪሙ ላይመለስ ይችላል አለኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የልጅቷን ነግረውኛል። ሽቦ አገናኝቶ ነው አሉ። ምን ዓይነት አረመኔ ነው? እጁ ይቆረጥ! አንተ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሁሉ ታውቃለህ። ማን እንደሆነ ፈልግልኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«አትቀልድ።»

«እኔ ነኝ እትዬ። መሰላል ላይ ወጥቼ፣ በዚህ እጄ ያገናኘሁት እኔ ነኝ።»

እጇን አልወሰደችም፤ ግን እጁ ውስጥ ያለው እጅ ቀዘቀዘበት።

«ለምን?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አንቺ ለምነሽኝ። ሁለት ቃል ናት፤ ብትወጣ ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ ግማሹ ይወርድለታል። ግማሹ የሚወርደው ግን እሷ ላይ ነው፤ በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ በዚህ ትንፋሽ፣ ያቺን ሟች ታቅፋ ልትኖር ነው። በአራት ዓመቱ አዝላው የዞረችበት ጀርባዋ ታየው። ቃሉን ዋጠው።

«በርዷችሁ ስላየሁ።»

«ባለቤቱ አስገድዶህ ነው?»

«አይደለም።»

«አንዷ መጥታ አልቅሳብህ ነው? ንገረኝ። አንተን አውቅሃለሁ፤ ከመሬት ተነስተህ ይህን አታደርግም። ማን ለመነህ?»

«ማንም አለመነኝም እትዬ። በራሴ ነው።»

ያን ጊዜ እጇን ከእጁ አወጣች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ውጣልኝ» አለችው። ምናልባት ትጠራኝ ይሆናል ብሎ በሩ ጋ ትንሽ ቆመ፤ አልጠራችውም። ኮሪደሩ ላይ መርማሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። አጠገቡ ተቀመጠና ሁሉንም ነገረው፤ ማን እንዳዘዘው ሲጠየቅም ለእህቱ የመለሰላትን መለሰለት።