እሷ ያልቀባችው ሰንበር

ሃያ ሁለት ዓመት ፊት ስትቀባ የኖረች ሴት ናት። ሙሽራውም፣ ዜና አንባቢውም፣ የፊልም ሬሳውም በእጇ አልፏል። የቀረጻ ሰዎች «እትዬ ቀለም» ይሏታል። እጇ ወርቅ ነው፤ አፏ ደግሞ ቁጥብ።

አሁን የያዘችው ፊልም ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላማራትም። ታሪኩ ሚስቱን ስለሚደበድብ ባል ነው። ባልየውን የሚጫወተው ዳይሬክተሩ ራሱ፣ ሚስቲቱን የምትጫወተው ደግሞ የገዛ ሚስቱ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ።

እትዬ ቀለም ማታ ማታ የቀባችውን ቁስል ሁሉ ፎቶ ታነሳለች፤ ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ለመድገም። በዘጠነኛው ቀን የልጅቷን እጅጌ ስትሰበስብ ክንዷ ላይ የአራት ጣት ሰንበር አየች። የትናንቱን ፎቶ አወጣች፤ ሰንበሩ እዚያ ላይ የለም። በጥጥ ጠረገችው፤ አልለቅ አለ።

«እትዬ፣ ያማል» አለቻት ልጅቷ ቀስ ብላ።

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። «ተዪው፣ ያምራል። ቀለምም ይተርፍልሻል» ብሎ ሳቀ።

ሰንበሩ እንዳለ ተቀረጸ። እሷም ልማድ ሆኖባት ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ወዲያ እየደበዘዘ ሲሄድ፣ ቀረጻው እንዳይለያይ፣ በየማለዳው በላዩ ላይ ቀባችበት። እውነተኛውን በገዛ እጇ የውሸት አደረገችው!

ፊልሙ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ያ ክንድ ፖስተር ሆነ። «እውነት ይመታታል እንዴ?» የማይል አልነበረም። ባልየው ሐሜቱን ወዶታል፤ ሐሜት ከፖስተር የበለጠ ሰው ይጠራል። የቴሌቪዥን ጣቢያም ባልና ሚስቱን ከእትዬ ቀለም ጋር በቀጥታ ሥርጭት ጋበዛቸው።

«ያንቺ ሥራ ነው በያቸው፤ በቃ። የሚቀጥለውም ፊልም ያንቺ ነው» አላት ባልየው እትዬ ቀለምን፣ ወደ ጣቢያው ሲሄዱ መኪና ውስጥ። ልጅቷ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች።

ተመልካች በሞላው አዳራሽ አቅራቢው ፖስተሩን እያሳየ ፈገግ ብሎ ጠየቃት፤ «እትዬ፣ እንዴት ቢያደርጉት ነው እንዲህ እውነት የመሰለው?»

ሥራዋ ታያት፣ የልጅቷም ክንድ ታያት።

«መጀመሪያ እኔ አልቀባሁትም» አለች። «ሳገኘው ያማት ነበር።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ማስታወቂያ ማለት እንዲህ ነው!» አለ አቅራቢው። ባልየውም አብሮ አጨበጨበና ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ደረቷ ላይ ያለውን ማይክሮፎን ረስቶ፣ «ቤት እንገባ የለ!» አላት።

ድምፁ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። ጭብጨባው እዚህም እዚያም ቆመ።

ልጅቷ የእትዬ ቀለምን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «እኔ ቤት አልገባም» አለች። «ከእትዬ ጋር ነው የምሄደው።»