«ልጅህን ለብሔራዊ ቡድን»

ብሔራዊ ቡድናችን ከውድድር በወጣ ማግስት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሥራ ፈት ይበዛል። በንጉሤ ሆቴል በረንዳ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ወንበር ይጠፋል። አንዱ «ሜዳ የለንም» ይላል። ሌላው «አሠልጣኝ እንደ ሸሚዝ እየቀያየርን ምን እንጠብቃለን?» ይላል። ሦስተኛው የቁመታችንን ነገር አንሥቶ «የአየር ላይ ኳስ ሁሉ የነሱ ነው» ሲል፣ አራተኛው «ኳስ በቁመት ቢሆን ዋንጫውን ቀጭኔ ትወስደው ነበር» ብሎ በረንዳውን ያስቃል።

የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። ግን ሁሉም ተነግሮ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይተርፋል። ልጆቻችን ኳስ ሲቀባበሉ ማየት ደስ ይላል። ከራሳቸው ሜዳ ተነሥተው፣ እንደ ሠርግ ዘፈን እየተቀባበሉ፣ ባላጋራን አዙረው አዙረው ግብ አፋፍ ይደርሳሉ። እዚያ ሲደርሱ የሚመታ ይጠፋል። አንዱ ለአንዱ ይሰጣል፤ ያኛውም ለሌላው። «ምታው እንጂ!» ብሎ በረንዳው በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ቴሌቪዥን አይሰማ።

ይኼ ነገር ሲነሣ ዓይን ሁሉ ወደ መንገዱ ማዶ ይሄዳል። እዚያ ሰዲቅ አለ።

ሰዲቅ ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል። ምርቱን በአህያ ጋሪ ጭኖ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ካለው መጋዘን ያደርሳል። አርባን ከተሻገረ ቆይቷል፤ እግሩ ግን አሁንም የተጫዋች እግር ነው፣ ቀጠን ብሎ ወደ ውስጥ ቆልመም ያለ። አንድ ጊዜ የብሔራዊ ቡድን አጥቂ ነበር። የከተማችን ስም በሬዲዮ ተደጋግሞ ሲጠራ የሰማነው ያኔ ነው፤ ማጀቴ ከተማ ድረስ ያሉ ዘመዶቹ ሳይቀሩ ሬዲዮ ገዙ።

«እንካ!» ይለዋል አንዱ ከበረንዳው። «እንካ፣ ና ሻይ ጠጣ እንጂ!»

ስሙ «እንካ» ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። በጎረቤት አገር በተደረገ ውድድር፣ ቡድናችን ለማለፍ አንዲት ግብ ሲፈልግ፣ ሰዲቅ ተከላካዮቹን ጥሎ ከግብ ጠባቂው ጋር ለብቻው ተገናኘ። ግብ ጠባቂው ወደቀ። መረቡ ባዶ ነው። ሰዲቅ ቀና ብሎ ወደ ጎኑ አየና ኳሷን ከቀኙ ለሚሮጠው አምበል ሰጠ። አምበሉ አልጠበቃትም፤ ከእግሩ ሥር ሾልካ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። በነጋታው አገር ሙሉ «ለምን?» አለ። ሰዲቅ ለማንም አልመለሰም። ያኔ ሚስቱ ሐምዲያ ልጃቸውን ሲሃምን አርግዛ ነበር። ወደ ቤቱ ተመልሶ ዶማውን አነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ኳስ ሲነካ ያየው የለም።

ሰውዬው ፈሪ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ግን አይደለም። ጎርፍ በሚሞላበት ክረምት የሰው ከብት ለማውጣት ሮቢ ውስጥ ሲገባ ዓይቼዋለሁ። የመስኖ ውኃ ተራው ሲደርስ ደግሞ ከጎኑ የምታርሰውን ባልቴት «እትዬ አሪፋ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። የራሱ ሽንኩርት አንገቱን ደፍቶ እያየ። ሐምዲያ በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥታዋለች። «ሴትዮዋ እኮ ዘንድሮ ከኛ የበለጠ ሸጠች!» ስትለው «አልሐምዱሊላህ፣ ታዲያ ምን ከፋ?» ብሎ ይመልስላታል።

ባለፈው ጥር ሐምዲያ ከቤቴ መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየልኝም።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ሰዲቅ አስቀየመሽ?»

«ሲሃምን ከልክሏት ነው። ለወጣት ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ልምምድ አዲስ አበባ ተጠርታለች። ሐሙስ መድረስ አለባት። አሠልጣኟ ስልክ ደውሎ ቢለምነው፣ ‹አይሆንም› ብሎ ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር አፉን አልከፈተም።»

ሲሃም ለዞናችን ቡድን አጥቂ ሆና ስትጫወት ዓይቻታለሁ። ሂጃቧን ከአንገቷ ሥር አጥብቃ፣ እንደ ሚዳቋ ነው የምትዘለው። «ዕድሜዋ ደርሷል፤ ብትሄድ ማን ይይዛታል?» አልኳት።

«ያለ አባቷ ዱአ አትወጣም። ‹አባዬ ሳይመርቀኝ ብሄድ እግሬ አይታዘዘኝም› ትላለች። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ይላካል አይደል? እንግዲህ ጠያቂው ብሔራዊ ቡድን ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ የለውም።»

ከመስጊዱ ሽማግሌ ከሐጂ ሱሌይማን ጋር ልንሄድ ተስማማን። ሽማግሌ ሦስት ሲሆን ያምራልና ሦስተኛ ስናስብ የሆቴሉ ባለቤት ንጉሤ ራሱ መጣ። ሐምዲያ ፊቷን አጠቆረች። ያ ቅጽል ስም የወጣው ከሱ በረንዳ ነው፤ ያወጣውም እሱ ራሱ ነው።

«አውቃለሁ» አለ ንጉሤ። «ስለዚህ እኔ ካልሄድኩ ማን ይሂድ?»

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሄድን። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል። ንጉሤ ደግሞ ደብረ ሲና ለሠርግ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ በዚያ በቆላ ሙቀት ደርቦ ላቡ ይንቆረቆራል። ሰዲቅ በራፉ ላይ የአህያውን ኮርቻ ይሰፋ ነበር። ሦስት ሽማግሌ ለባብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ ደጃፉ ላይ ተደርድሮ ሲያይ መርፌው ከእጁ ወደቀ።

«ግቡ፣ ግቡ። ቁጭ በሉ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ፣ እንደ ወጉ።

የሰዲቅ ፊት ተለዋወጠ። «ሐጂ፣ መምጣታችሁ ክብሬ ነው። ግን ልጄ ገና ናት፤ ትምህርቷንም አልጨረሰች። ደግሞ ልጁ ማን እንደሆነ፣ የማን ወገን እንደሆነ እንኳን አላውቅም…»

«ጠያቂው አንድ አይደለም» አለ ንጉሤ ላቡን እየጠረገ። «አሥራ አንድ ናቸው። ተቀያሪ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣሉ።»

«አስተግፊሩላህ!» አለ ሰዲቅ።

ሐጂ በከዘራቸው የንጉሤን እግር ጎሸም አደረጉት። «አንተ ሰው ለሽማግሌነት አልተፈጠርክም፤ ዝም በል።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ እንደሚገባው ቀስ ብለው አሉት፦ «ሰዲቅ ልጄ፣ ልጅህን ለብሔራዊ ቡድን እንድትሰጠን ነው የመጣነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ የእናት ይሁን የልጅ አልታወቀም። ሰዲቅም ከንፈሩ ሳቅ አለ። ወዲያው ግን ሳቁ ሞተ።

«ቁጭ በሉ፣ በአላህ።»

«እሺ ሳትል አንቀመጥም።»

«ሐጂ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል እኮ።»

«ያመኛል። ስለዚህ ቶሎ በል።»

ሰዲቅ መሬት መሬት አየ። ሐጂ ቀጠሉ። «በዲን በኩል ከሆነ ለኔ ተወው። ልጅቷ ተሸፋፍና ነው የምትጫወተው፤ ሶላቷንም አታሳልፍም።»

«በዲን አይደለም ሐጂ።» ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ «በረንዳው ነው» አለ። «እኔ ወንድ ነኝ፤ ችዬዋለሁ። እሷ ግን አንድ ቀን ግብ ስታ፣ ገበያ በወጣች ቁጥር ስም ሲያወጡላት ቆሜ አላይም።»

ንጉሤ ኮቱን አወለቀ። ያ ትልቅ ሰው ከዘራውን መሬት አስቀምጦ ወደ ሰዲቅ ጉልበት ጎንበስ አለ። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ለማሳቅ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ኧረ! ጋሼ ንጉሤ! ኧረ ምን ነካዎት?» ሰዲቅ ደንግጦ በሁለት እጁ ብድግ አደረገው፤ ልብሱን አራገፈለት፤ ኮቱንም አንሥቶ መልሶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። በደለኛውን የሚያባብለው ተበዳዩ ሆነ። እኔ ይኼን ሳይ ነው ለመጠየቅ የደፈርኩት።

«ሰዲቅ፣ ያን ቀን ለምን አልመታህም?»

ኮርቻው ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ አምበላችንን ያስታውሱታል? ትልቅ ሰው ነበር፤ ውድድሩ የመጨረሻው ነበር። ሆቴል ስንገባ ቡድኑ ውስጥ እስላሙ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥጋ ሲቀርብ ለኔ ለብቻዬ ሽሮ ያመጡልኛል። በመጀመሪያው ቀን ጥግ ይዤ ብቻዬን ስበላ ዓየኝ። ሥጋውን ትቶ መጣና እጁን ከሽሮዬ ሰደደ። ‹እኔ አምበል በሆንኩበት ቡድን ሰው ብቻውን አይበላም› አለኝ። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ሥጋ ያለበት ገበታ ላይ አልተቀመጠም።» የኮርቻውን ክር ጣቱ ላይ ጠመጠመ። «ግብ ጠባቂው ሲወድቅ፣ ባዶውን መረብ ሳየው ልቤ ዘለለ። ሰው ደስ ሲለው ጎኑን ያያል አይደል? አየሁ። እሱ እየመጣ ነው። ያቺን ደስታ እንዴት ብቻዬን ልውሰዳት? አላሰብኩም ጋሼ። እጅ ጉርሻ ሲዘረጋ ያስባል? እግሬ ነው የሰጠው።»

ሐጂ ሱሌይማን «ሱብሓነላህ» አሉ በቀስታ።

እኛ ልጅ የምናሳድገው በአንድ ትሪ ዙሪያ ነው። ገና እጁ ሳይጠና «ለወንድምህ ስጥ» እንለዋለን። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እያልን እናስፈራራዋለን። ትሪው ላይ የቀረችዋ የመጨረሻ ቁራሽ፣ አንዱ ወደ አንዱ ሲገፋት፣ ቀዝቅዛ ትነሣለች። ይኼን ልጅ ነው እንግዲህ ሰው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻውን መሆን ካለበት ቦታ ወስደን የምናቆመው። ከዚያ በረንዳ ላይ ሆነን እንጮኽበታለን። የምንወቅሰው በገዛ እጃችን ያጎረስነውን ነው። ቡድናችን የሚሸነፍበት ምክንያት ሁሉ ይኼ ነው አልልም፤ ሌላውም ሕዝብ ወንድሙን ይወዳል፣ ይመታልም። ግን ሰዲቅን እያየሁ፣ ይኼን ጠባይ ከሰውየው ላይ ነቅለን ብንጥል የሚቀረው ሰው ማን ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ።

መልሱ የመጣው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ሲሃም ወጣች። ሽማግሌ ሲናገር ልጅ መሐል አትገባም፤ የምትጠየቅ ልጅማ ጭራሽ አትታይም። እሷ ግን መጥታ አባቷ ፊት ተንበረከከች።

«አባዬ፣ እኔ ጎል ሳገባ ምን እንደማደርግ ዓይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።» አንድም ቀን ሊያያት ሄዶ አያውቅም።

«ወደነሱ ነው የምሮጠው። ወዲያው። ሁሉም ላዬ ላይ ይከመራሉ፤ ግብ ጠባቂዋ ሳትቀር ከዚያኛው ጫፍ ሮጣ ትመጣለች። ባለፈው አብራኝ የምትጫወተው ፀሐይ አፈር አበላችኝ በደስታ። ብቻዬን ሆኜ አላውቅም እኮ አባዬ። ብትመታት ኖሮ ያ ሰውዬ ወዳንተ ነበር የሚሮጠው።»

ሰዲቅ ልጁን አያት። እንደዚያ ሲያያት አላውቅም፤ ከሩቅ አገር መጥታ ገና የደረሰች ይመስል ነበር። እጁን ወደ ራሷ ሰደደና ሂጃቧ ላይ አሳረፈ፤ የኮርቻው ክር ጣቱ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። ዓይኑ ሞላ። ከጎኔ ንጉሤ በመሐረቡ ፊቱን ሸፈነ፤ ላብ ነው እንዲባልለት።

«ቁጭ በሉ» አለ ሰዲቅ።

«እሺ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ቁጭ በሉ እያልኳችሁ ነው።»

ተቀመጥን። ከዚያ በላይ እሺ የለም። ሐምዲያ ከጓዳ እልል አለች፤ ጎረቤት ሰምቶ ሲሃም ታጨች ብሎ ሲጎርፍ፣ እውነቱን ስናስረዳ መሸብን። ሐጂ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። ሰዲቅ ግን «የኔን ዱአ ሐሙስ አደርጋለሁ» ብሎ አቆየው።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ሲሃም ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ሰዲቅ ከውጭ ቆሞ በመስኮቱ እጁን ሰድዶ ራሷን ይዟል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ምን ብሎ እንደመረቃት አልሰማሁም። ሲጨርስ ሁለቱም «አሚን» አሉ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ሰዲቅ በትከሻው ያዘው።

«ቦታ አለ?»

«አንድ አለ። የት ነህ?»

«እሷ የምትሄድበት።»

ገባ። ያልተለወጠ የእርሻ ሸሚዝ፣ ጭቃ የነካው ጫማ፣ ቦርሳ የለ፣ ምን የለ። መኪናው ወደ ዳገቱ ሲዞር ያየሁት የሁለት ራስ ጀርባ ነው፤ እሷ በእጇ የሆነ ነገር እያሳየች ታወራለች፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ይሰማል።

ሐምዲያ ከጎኔ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቀረች። አቧራው እስኪሰክን ድረስ ቆመን አየን።

«ጋሼ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ልጄን ብላችሁ መጥታችሁ ባሌንም ወሰዳችሁት እኮ!»