ደህና አላደርኩም

ጋሼ ሊፍት የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሕንፃው ተከራዮች ናቸው፤ እሳቸውም ወደውታል። ከዚያ በፊት ረጅም ዘመን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው የባለቤታቸው ወንድም ይህን የሊፍት ሥራ አፈላለገላቸው። ሊፍቱ አርጅቷል። በሩ በእጅ ካልተገፋ አይዘጋም፤ የቁልፎቹም ቁጥር ተፋፍቆ ስላለቀ የትኛው የት እንደሚያደርስ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሲያወጡና ሲያወርዱ ይውላሉ።

ሹፌር ሳሉ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ብቻቸውን ነበር። አሁን ሰው አገኙ። ታዲያ ማንም ይግባ ማን፣ ሰላምታው አይቀርበትም። "ደህና አደሩ? እንቅልፍ እንዴት ነው? ቤተሰብ ሰላም ነው? ልጆች ደህና ናቸው?" ተሳፋሪው "ደህና፣ ተመስገን" ይላል፤ እሳቸውም "ተመስገን" ብለው በሩን ይገፋሉ። ልጅ የሌለውም ሰው ቢሆን ልጆቹ ደህና ናቸው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ስምንተኛ ፎቅ ያለው የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ አዲስ የቀጠራት ኢንጂነር መጣች። ከሩቅ አገር የመጣች፣ ቋንቋውን ከመጽሐፍ የተማረች፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ የምትናገር ወጣት ናት።

"ደህና አደርሽ ልጄ? እንቅልፍ እንዴት ነው? ቤተሰብ ሰላም ነው?" አሏት።

ቆም ብላ አሰበች።

"ደህና አላደርኩም" አለች። "የጎረቤቴ ውሻ ሲጮህ አደረ። ትራሱም በጣም ጠንካራ ነው። ስለዚህ አንገቴን ያመኛል፤ እዚህ ጋ።" አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሳየቻቸው።

ሊፍቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ጋሼ ሊፍት ለዚህ ሰላምታ እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም። "ውይ፣ አይዞሽ" አሏት። ነገሩ ግን ገና ነበር። ስለ ቤተሰቧም ጠይቀዋታል፤ ሳትመልስ መሄድ ነውር መሰላት። ስምንተኛ ፎቅ ሲደርሱ አባቷን ጨርሳ ወደ ታላቅ ወንድሟ ልትሻገር ነበር። ታች ደወል ሲያንባርቅ ይዘዋት ወረዱ፣ መልሰው ይዘዋት ወጡ። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ፣ "ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፣ አቶ ሊፍት" አለቻቸው። ሊፍት ስማቸው መስሏታል።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። ትራሱ ተቀየረ፣ ውሻው ባሰበት፣ ወንድሟ ከሚስቱ ሊፋታ ነው። አንድ ጠዋት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ ልባቸውን እንደታመሙና ቀዶ ጥገና እንደሚጠብቃቸው፣ ወንድሟም ሊያስታምማቸው እንደሚመጣ ነገረቻቸው።

አራተኛ ፎቅ ያለው ጠበቃ ግን ሊፍቱ ከቀጠሮ አስቀረኝ ብሎ አቤቱታ አቀረበ። የሕንፃው አስተዳዳሪ ጋሼ ሊፍትን አስጠራቸው።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ሰው ማድረስ ነው። ወሬው ይቅር። ሰላምታውም ቢቀር ይሻላል፤ ነገሩን የሚጎትተው እሱ ነው። ባለቤቶቹ አዲስ ሊፍት ይግባ ካሉ ቆይተዋል፤ እሱ ደግሞ ሠራተኛ አይፈልግም።"

ጋሼ ሊፍት ነገሩ ገባቸው። በማግስቱ ኢንጂነሯ ስትገባ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ቁልፉን ተጫኑ። ቆማ ጠበቀች። ስምንተኛ ፎቅ ድረስ ጠበቀች። ሳምንቱም ሳያልቅ ሊፍቱን ትታ በደረጃ መውጣት ጀመረች። አንዳንዴ አንዱ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ፊቷ በላብ ርሶ ስትወጣ ያዩዋታል። እሷም ታያቸውና ዓይኗን ሰበር አድርጋ ታልፋለች።

አንድ ማታ ቤት ሲገቡ ነገሩን ሁሉ ለባለቤታቸው ነገሯት። እሷ ዳቦ ቤት ውስጥ ሻጭ ናት፤ ነገር ማለባበስ አታውቅም።

"ሰላም ሲለኝ የከረመ ሰው ድንገት ቢዘጋኝ፣ ምን በደልኩት አልልም?" አለቻቸው። "ሄደህ ንገራት።"

"ምን ብዬ? ስጠይቅሽ የነበረው ለአፍ ያህል ነው ልበላት?"

"እውነቱ እሱ ከሆነ እሱን በላት።"

"እሱም አይደለም" አሉ።

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሊፍቱን ቆለፉና ወገባቸውን ይዘው ደረጃውን ተያያዙት። ትንፋሻቸው ተቆራርጦ መሐል ላይ ቁጭ እንዳሉ፣ እሷ ከላይ ስትወርድ አገኘቻቸው።

"አቶ ሊፍት! ምን ሆኑ?" አጠገባቸው ተቀመጠች። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቃም፣ "ምን በደልኩዎ?" አለች።

"ምንም አልበደልሽኝም። አለቃ ተቆጥቶኝ ነው። ግን እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ ልጄ። እዚህ አገር 'ደህና አደርሽ' ጥያቄ አይደለም። በር እንደ ማንኳኳት ቁጠሪው። መልሱ 'ደህና፣ ተመስገን' ነው፤ ራስሽን ቢፈልጥሽም፣ ቤትሽ ቢቃጠልም።"

ፊቷ ቀላ። "ስለዚህ ስለ ትራሱ... ስለ ወንድሜ ትዳር..." ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "በእኛ አገር ሰው የማያውቀውን ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ከጠየቀ ግን ቆሞ ይሰማል። ለጠየቀው ሰው አሳጥሮ የመለሰ ሰደበው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለእናቴ ደውዬ፣ እንዴት ያለ ደግ አገር ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ስለ እንቅልፌ ጠየቁኝ አልኳት። ማንም አልጠየቀኝም ማለት ነው?"

ጋሼ ሊፍት ወደ እሷ ዞሩ።

"መጀመሪያ ላይ አልጠየቅኩሽም፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። የእናትሽን ነገር ከሰማሁ ወዲህ ግን እጠይቅሻለሁ። ዝም ያልኩ ጊዜም በሆዴ ስጠይቅሽ ነበር።"

እዚያው ደረጃው ላይ ተስማሙ፤ ሊፍት ውስጥ እንደዚህ አገር፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ እንደ እሷ አገር። ጋሼ ሊፍት አስተዳዳሪው ዘንድ ሄደው ሰላምታውን እንዲመልስላቸው ለመኑት። "በአጭሩ ከሆነ ይሁን" አላቸው።

የቀዶ ጥገናው ቀን ደረሰ። ጠዋት ሊፍቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኢንጂነሯ ስልኳን ጨብጣ ገባች።

"ደህና አደርሽ ልጄ? ቤተሰብ ሰላም ነው?"

"ደህና፣ ተመስገን።"

ጥርት ያለ የአገሬው ሰው መልስ ነበር። ጋሼ ሊፍት ግን ደነገጡ። እውነቷን ነው ወይስ ጨዋነቷ ነው? መልሱን ያስተማሯት ራሳቸው ናቸውና ምንም ሊያነቡበት አልቻሉም። ዓይኗ ደፍርሷል። ሰው ፊት ደግመው እንዳይጠይቋት ስምምነት አለ። ረፋዱን በሙሉ ልባቸው ሊፍቱ ውስጥ አልነበረም፤ ሁለተኛ ፎቅ አድርሱኝ ያላቸውን ሰውዬ ሰባተኛ አደረሱት።

ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ የስምንተኛ ፎቅ ደወል ያለማቋረጥ ጮኸ። ጋሼ ሊፍት ከታች የጫኑትን ሰው ሁሉ ይዘው በቀጥታ ወደ ላይ ተኮሱ። ጠበቃው "ኧረ አራተኛ አለፈ!" አለ፤ አስተዳዳሪውም "ጋሼ!" አላቸው። አልሰሟቸውም። በሩ ሲከፈት ኢንጂነሯ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ቆማለች።

"ነቅታለች!" አለች። የሰዉንም ብዛት፣ ስምምነቱንም ረስታዋለች። "እናቴ ነቅታለች! ማበጠሪያ ስጡኝ አለች!"

ጋሼ ሊፍት በሩን እንደያዙ በርጩማቸው ላይ ዘፍ አሉ። "ተመስገን!" የሚለው ጩኸት የመጣው ከኋላቸው ነው። ጠበቃው ነበር።

"ወንድምሽስ ደረሰላት? ሊመጣ አልነበር?" አላት።

አንዲት ፀሐፊ ደግሞ ወጥታ አቀፈቻት። እነዚህ አንገታቸውን ደፍተው ሲሳፈሩ የከረሙ ሰዎች ለካ አንድ ቃል አላመለጣቸውም! ጋሼ ሊፍት አስተዳዳሪውን በፍርሃት ቀና ብለው አዩት። እሱም ለኢንጂነሯ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

"ግቢ እንጂ" አላት። "ጋሼ፣ ቀስ አድርገው ያውርዱን፤ ከመጀመሪያው ትንገረን።"

ጋሼ ሊፍት ያን ዕለት ቤት ሲደርሱ፣ ባለቤታቸው ገና ከበር ፊታቸውን አይታ፣ "እናትየው ተረፉ?" አለቻቸው።

"ተረፉ!" አሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ይነግሯት ጀመር።