በዝርዝር የተላከው የልጄ ሕመም

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ መቱ ላይ ዝናቡ ጋብ ማለት በጀመረበት ሰሞን ነው። ከዚህ የባሰ የደረሰበት ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ ግን ነገሩ ዐይኔ እያየ፣ አፌም እየለመነ መሆኑ ነው።

ልጄን ሌንሴ ልበላት፤ እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ከጀመረች ወዲህ ግን ወድቃ አታውቅም። ከቤታችን ሰው በቀር ሕመሟን የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ ሰፈር ይህ በሽታ ያለበት ሰው ከታወቀ በጠጣበት ኩባያ የሚጠጣ የለም። ስለዚህ እንደ ዐይኔ ብሌን ስጠብቀው የኖርኩት ምስጢር ነው።

ሌንሴ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሼ ሸምሱ ከወልቂጤ በኩል መጥተው እዚሁ የከበሩ ነጋዴ ናቸው። ከአንድ የግል ክሊኒክ ጋር ተዋውለው የሠራተኞቻቸውን ሕክምና እሳቸው ይከፍላሉ። ክሊኒኩ በየወሩ መጨረሻ «ለሠራተኞች ሕክምና» ብሎ ድምሩን ብቻ በእጅ ጽፎ ይልክላቸዋል። ሳንሰጋ እንሄድ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚያን ቀን ሌንሴ ሐኪሙ ዘንድ ገብታ እኔ ከገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ክሊኒኩ አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም አስገብቶ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ እግር ናት። ከኋላዋ ወደ ቆመው ሥራ አስኪያጅ ዞረችና፣

«የዳቦ ቤቱ ሂሳብ በድምር ይሁን በዝርዝር? ምረጪ እያለኝ ነው» አለችው።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ከፋዩን ጠይቂያቸዋ!»

ደወለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋው ስለነበር የጋሼ ሸምሱን መልስ ሁላችንም ሰማን።

«በዝርዝር ነዋ! ዱቄት እንኳ ሳላስመዝን አልገዛም። ለመሆኑ የማሳክመው ሠራተኞቼን ነው ወይስ መቱን በሙሉ?»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው። ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«የኔ ልጅ፣ ዝርዝሩ ላይ ምን ምን ይጻፋል?»

«ሁሉም ነዋ፣ ሃርሜ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቷ ነው። «የታካሚው ስም፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱ።»

«የበሽታውስ ስም?»

«እሱንማ ሐኪሙ ከጻፈው ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ያመጣዋል። እኔ መድከም እንኳ የለብኝም» አለችኝ ደስ ብሏት።

ከመቀነቴ ገንዘብ ፈታሁ። «የልጄን እኔ ልክፈል፤ ከዳቦ ቤቱ ሂሳብ አውጪልኝ» አልኳት።

«በድርጅት የተመዘገበ ሰው በግሉ መክፈል አይችልም። ፕሮግራሙ አይቀበልም።»

ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት። ሰው ስለሚሰማ የበሽታውን ስም መጥራት አልቻልኩም። «ጌታዬ፣ ያላገባች ልጅ ናት፤ ገመና አለ፤ ይህ ነገር አይላክብኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ ሰው ነጻ ሕክምና ፍለጋ ይጋፋል፤ እርስዎ ከነጻው ይሸሻሉ?» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ያነበዋል ብለው ነው?»

ተነበበ። የጋሼ ሸምሱ ዐይን ስለደከመ ወረቀት የምታነብላቸው የሂሳብ ሠራተኛቸው ናት። ሊጥ የሚያቦኩት ልጆች ባሉበት ጮክ ብላ አነበበችው። ሌንሴ ባንኮኒው ጋ ለደንበኛ ዳቦ እየጠቀለለች የራሷን ስምና የበሽታዋን ስም ሰማች።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ጓደኞቿ በሽርጣቸው ኪስ ክብሪት ይዘው መዋል ጀመሩ። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጢሱን እንዲያሸት ማድረግ እኛ አገር የቆየ ነው፤ ለመርዳት ብለው ይሆናል። ልጄ ግን ጎንበስ ባለች ቁጥር እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሲሄድ ታያለች። አንዷማ «ሌንሴ፣ ዛሬ እንዳትወድቂብን፤ የገበያ ቀን ነው» ብላ ቀልዳባታለች።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ ሸምሱ እኔን አስጠሩኝ።

«እትዬ ጌጤ፣ ወላሂ እንደሷ ያለ ታማኝ ሠራተኛ አልገጠመኝም። ግን ምድጃ አለ፤ እሳት ነው። አንድ ነገር ብትሆን ምን ብዬ እመልስልዎታለሁ?»

«መድኃኒቱን ከጀመረች ወድቃ አታውቅም፣ ጋሼ።»

«እርስዎን አምናለሁ። ደንበኛው ግን ሰምቷል።»

ከደመወዟ በላይ ጨምረው አሰናበቷት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለተቆጣ ሰው መልስ አላጣም።

ክሊኒኩም ተመልሼ ሄጄ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። «ሃርሜ፣ እኔ ምረጪ የተባልኩትን ነው የመረጥኩት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥራ አስኪያጁ ከፋዩን አስጠየቀ፤ ከፋዩ መለሱ፤ እሷ ተጫነችው። ልጄ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች፤ እሷን የጠየቃት የለም።

አሁን ሌንሴ ጎሬ ከተማ ሄዳ ምግብ ቤት ተቀጥራለች። አሠሪዋ «ብትታመሚ ሕክምናሽ በእኛ ነው» ሲሏት «እኔ ታምሜ አላውቅም» ብላቸዋለች። ክሊኒክ የሚባል ደጃፍ አትረግጥም። ኪኒኑን እኔ ከዚህ ገዝቼ፣ በሽሮ ከረጢት ውስጥ ደብቄ፣ በሚኒባስ አደርስላታለሁ። መዋጧን የምጠይቃት በስልክ ነው። ሰው አጠገቧ ካለ ስልኩን አታነሣውም።

ሰዉ ክሊኒኩ እንደ ዘመነ ሲያወራ እሰማለሁ፤ አልከራከርም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ ግን «ከሰው ጋር ሆና ነው» እላለሁ። ወዲያው ደግሞ «ወድቃ ቢሆንስ» እላለሁ። እንዲህ ስል መሽቶ ይነጋል።