አልኮል ያጠበው ስም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። አንተ ስሜን የማታውቅ አንባቢ ግን ስማኝ።

ጅማ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፤ ገጣሚ ነኝ ባይ። የቀለም ብዕር ከኪሴ አይጠፋም፤ በእጅ ጽሑፌ እኮራ ነበር፤ ናሙና በሚለጠፍባት ትንሽ መስታወት፣ በስላይድ ሻካራ ጫፍ ላይ የሕመምተኛውን ስም የምጽፈውም በዚያው ብዕር ነው። ኃላፊዬ ጋሽ ታደለ፣ «አንተ ልጅ፣ ስላይድ ላይ በእርሳስ ጻፍ! ቀለሙን አልኮል ያጥበዋል» እያሉ ስንት ጊዜ ተቆጡኝ? እርሳስ የተማሪ ነው ብዬ ናቅሁት።

አንድ ሰሞን ሐኪማችን ከውጭ አገር በበረዶ የተላከ፣ ፀረ እንግዳ አካል የተባለ የመመርመሪያ ፈሳሽ አገኘ፤ ሁለት ዓይነት፣ ለሁለት ሕመምተኞች ብቻ የሚበቃ። ከአጥንት ተወስዶ በስሱ የተቆረጠ ናሙና ላይ ሲንጠባጠብ ፕላዝማ ሴል የሚባሉትን የመቅኔ ሴሎች ቡናማ ያደርጋል። ሁሉም በአንደኛው ዓይነት ብቻ ቡናማ ከሆኑ ካንሰር ነው፤ ገሚሱ በአንዱ፣ ገሚሱ በሌላው ከሆነ የቆየ ኢንፌክሽን።

ሁለቱንም ሕመምተኞች የሚያማቸው የጭን አጥንታቸው ነበር። አንዷ ከጅማ አቅራቢያ ከየቡ የመጡት ቡና ለቃሚ፣ አዴ ዘይነባ ናቸው። በላቦራቶሪው መስኮት በኩል ስማቸውን ስላይዱ ላይ ስጽፍ አዩኝ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ። ማንበብ አይችሉም።

«አዎ፣ አዴ፣ እናቴ።»

«ማሻአላህ! ከኔ ያምራል እኮ» ብለው ሳቁ።

ሁለተኛው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። በስብሰባ መሐል ግጥሜን ነጥቆ፣ «ጓዶች፣ ዛፍ የሚያስለቅስ አብዮተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ ሕዝብ አስቆብኛል።

ሥራው ሲጀመር ስላይዶቹ የሚታጠቡበት አልኮል ቀለሜን ሲያገረጣው አየሁ። አየሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሲያልቅ ሁለቱም ስላይዶች ስም አልነበራቸውም፤ ፀረ እንግዳ አካሉም አልቋል። በማይክሮስኮፕ ተመለከትኩ። አንዱ ካንሰር ነው። የማን? አላወቅሁም። ጋሽ ታደለን መጥራት እችል ነበር። አልጠራሁም። ያን ጊዜ እርሳስ አነሳሁ፤ የናቅሁትን እርሳስ። ካንሰሩ ላይ የሊቀ መንበሩን፣ በሌላው ላይ የአዴ ዘይነባን ስም ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አዴ ዘይነባ የኢንፌክሽን ኪኒን ተሰጥቷቸው ወደ የቡ ተመለሱ። ለቀማው ሳይደርስ ጭናቸው በቆሙበት ተሰበረ፤ ሲመረመሩ ካንሰሩ ሰውነታቸውን ጨርሶት ነበር። ሞቱ። ሊቀ መንበሩን የማይገባው የካንሰር መድኃኒት አቅሙን አሳጣው፤ ኢንፌክሽኑ በረታበት፤ እግሩ ተቆረጠ። ዛሬም በክራንቹ እየመጣ፣ «ጓድ ገጣሚ፣ ሕይወቴን ከካንሰር አተረፋችሁልኝ» እያለ እጄን ይጨብጣል። ይህን እጅ!

ግምቴ ትክክል ሆኖ ቢሆንስ? ንጹሕ እሆን ነበር? አልሆንም።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም። ይቅርታም አልለምንህም፤ አንተ የምትሰጠኝ አይደለም። «ይሄ እኔ ነኝ?» ብለው የጠየቁኝን ሴት፣ ሰው ከሳቀባት ከአንዲት ግጥሜ አሳንሼ አየኋቸው። ያደረግሁት ይህ ነው።