የጫጩት እርግብግቢት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ እንደኔ የሚያስቅ ሰው የለም። ራሴ ብናገረው ምን አለበት፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጎረቤታችን ልጅ ግን ባለፈው ሁዳዴ በቀልዴ መሳቅ ተወች። ምክንያቱ ዶሮ ነው።

ጣሊያኖቹ መንገዱን ሲሠሩ ወንዙ ዳር ድንኳን ተክለው አንድ የከብት ሐኪም አመጡ። ሰውየው ከብቱን ትቶ እንቁላል ወደደ፣ ያውም ዶሮ የታቀፈችውን! በየቀኑ አንድ አንድ እያስመጣ ይሰብርና የጫጩቱ ጭንቅላት እንዴት እንደሚያድግ ያያል። እናቴ "በጾም ሊበላው ነው" እያለች ስታማው ከረመች።

እንቁላሉ የሚወሰደው ከልጅቷ ዶሮ ሥር ነው። እናቷ እምቢ ቢሉ ጠመንጃውን ያነገተ ሶላቶ ይመጣባቸዋል። የሚወስደው ደግሞ የሐኪሙ አስተርጓሚ፣ ከጀውሃ የመጣው ልጅ። ቁምጣውን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ከፍሎ ጠዋት ጠዋት ከች ይላል። እንቁላሉን በጥጥ እየጠቀለለ ወሬውን ይጀምራል።

"መጀመሪያ ራስ የሚባል የለውም፣ ዓይን ብቻ ነው። ከዚያ እንደ ጆሮሽ የሚተጣጠፍ ነገር ያወጣል። አጥንቱ ኋላ ነው የሚመጣው።"

"ከየት በኩል ነው የሚጀምረው?"

"ከአፉ በኩል። አናቱ መጨረሻ ነው።"

"እንደ ጆሮሽ" ሲል ጆሮዋን አየው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ሲያየው አየሁት! ያን ጆሮ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እኔ ነኝ። የሶላቶ አረማመድ እያስመሰልኩ ስንት ጊዜ እንባዋ እስኪፈስ አስቄያታለሁ፣ እሱ በአንድ የጫጩት ዓይን ወሰዳት።

ዘው ብዬ ገባሁ። "እኔም አውቃለሁ። አናቱ ላይ እርግብግቢት አለው!"

"እንደ ሕፃን? ቅቤ እንደምናደርግበት?" አለችኝ።

"ታዲያስ!"

"ማን ነገረህ ደግሞ አንተን?"

"ሐኪሙን እንጠይቀዋ!"

እሷ የእህቷን ሕፃን አዝላ፣ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ጎድጓዳ ሳህን ላይ በማጉያ መስተዋት አቀርቅሯል። አስተርጓሚውን "ንገረው" አልኩት። "የጫጩቱ እርግብግቢት የታል? ቅቤስ ማን ያደርግለታል?"

አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆነ። አንድ ነገር ተናገረ። ሐኪሙ ፊቱ በራ፤ እጆቹን እንደ ክንፍ እያርገበገበ፣ ጣራ ጣራውን እያሳየኝ፣ "ኩ ኩ" ይል ጀመር።

ልጅቷ ገባት። "እርግብ አልከው? እርግብግቢትን እርግብ?" ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ እስኪነጥር ሳቀች። ነፍሴ መለስ አለች። አስተርጓሚው አለቀለት አልኩ።

እሷ ግን ሕፃኑን አወረደችና ቆቡን አወለቀች። የሐኪሙን ጣት ይዛ ቀስ አድርጋ አናቱ ላይ አኖረችው። ጣቱ ሥር ትር ትር ይላል። ከዚያ ሳህኑን አሳያት፣ መስተዋቱንም ሰጣት።

"አጥንቱ ከዳር ከዳር መጥቷል" አለች አቀርቅራ። "መሐሉ ገና ነው። አልገጠመም።"

"እኔ ምን አልኩ!" አልኩ። አልሰማችኝም።

"እኔም እኮ አናቱ መጨረሻ ነው ብዬሽ ነበር" አለ አስተርጓሚው። እሱንም አልሰማችው። በጫጩት የቀና ሰው አይቼ አላውቅም፣ ያውም ገና ባልተፈለፈለ። እኔ ግን ቀናሁ።

ከዚያ ወዲያ እንቁላሉን የምትወስደው ራሷ ሆነች። አስተርጓሚው እነሱ ቤት የሚመጣበት ምክንያት ጠፋ፣ እሰይ! አንድ ጠዋት እንቁላሉን ልያዝልሽ አልኳት።

"ትሰብረዋለህ። ይልቅ ሕፃኑን ያዝልኝ" አለችኝ።

ያዝኩላት። እሷ ውስጥ ስታቀረቅር እኔ ድንኳኑ ደጃፍ ሕፃን ታቅፌ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ፣ አስተርጓሚውም አጠገቤ ይቆማል። አንድ ቀን "ደክሞህ ይሆናል፣ አምጣው እኔ ልያዘው" አለኝ።

አልሰጠሁትም።