ጨረታው ተሰረዘ ብሎ መሰከረ

መንገዱ ይሰፋል የሚለው ወሬ ሲመጣ እኔ ያሰብኩት ስለ መኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። ሬስቶራንታችን እዚህ ስደት አገር፣ ፌርፋክስ የሚባለው ጎዳና ጥግ ላይ ነበር፤ በሩ ደግሞ ወደ ጎን መንገዱ ነው የሚከፈተው። ምሳ የሚበሉልን ባለ ታክሲዎች ናቸው። ባለ ታክሲ መኪናውን በመስኮት ካላየ ጥብስ አይወርድለትም። በስልክ የሚጠራ ታክሲ መጥቶ ሥራቸውን ያቀዘቀዘበት ጊዜ ስለነበር፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ሲዞር የሚውል አንድም አልነበረም። ከተማው ደግሞ ያንን ጎን መንገድ አስፍቶ በራችን ላይ ያለውን ማቆሚያ የመኪና መሄጃ ሊያደርገው ነው። ማቆሚያው ከሄደ እኛም ሄድን ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ክፋቱ ሊዛችን፣ የቤቱ ኪራይ ውል፣ ያለቀው በዚያው ሰሞን ነው። አምስት ዓመት እንፈርም ወይስ ዕቃችንን ሸጠን እንውጣ? ላንድሎርዱ፣ አከራያችን፣ ጨዋ ሽማግሌ ነው፤ የመንገዱን ነገር እስክታውቁ አልቸኩልባችሁም ብሎናል። እኔ እንውጣ ባይ ነኝ። ባለቤቴ እንጸልይበት ባይ። እሱ እኮ የጨው ዕቃ ሲጠፋበት እንኳ ይጸልያል። ያገኘዋልም፤ የምፈልግለት እኔ ነኛ!

አንድ ቀን ከተማው ስለ ሥራው ሊያስረዳ የሰፈሩን ነጋዴዎች ሚቲንግ ጠራ። እኔ ድስት ላይ ነበርኩ፣ እሱ ሄደ። መሐንዲሱ ተነስቶ ኮንትራክተሮቹ ያቀረቡት ዋጋ በሙሉ ከተያዘው በጀት ስለበለጠ ሁሉም ውድቅ ተደርጓል አለ። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም፤ ወንበሩ ላይ ሆኖ በደስታ እያለቀሰ ነበር። ስብሰባው ሳያልቅ ወጥቶ እየሮጠ መጣና ኩሽና በር ላይ ቆሞ፣ "ጨረታው ተሰረዘ" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አመንኩት። ሁለታችንም አዲስ አበባ ነው ያደግነው። በእኛ ሰፈር የተሰረዘ ጨረታ እንደገና እስኪወጣ ልጅ ተወልዶ ይዳራል። ተሰረዘ ከተባለ ሰው ተገላገልኩ ብሎ ኑሮውን ይቀጥላል። እዚህ አገር ተሰረዘ ማለት ሥራውን ቀንሰን እንመለሳለን ማለት እንደሆነ ማን ነግሮን።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፓስተሩ ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲል ዞር ብል ባለቤቴ አጠገቤ የለም። ማይኩን ይዞ ፊት ቆሟል። የሊዙን ነገር፣ የማቆሚያውን ነገር፣ የጾመውን ሁሉ ተናገረና፣ "ሰው ያወጣውን ጨረታ እግዚአብሔር ሰረዘው" አለ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ኤርፖርት ሌሊቱን ሠርተው አድረው፣ እዚያው አጠገብ ካለው ከዌስትቼስተር ሰፈር በቀጥታ የመጡት ሳይቀሩ ቆመው አጨበጨቡ። እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት አቅፈው ባረኩት። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፣ እኔም አለቀስኩ። በሳምንቱ ሊዙን ፈረምን።

ጥቂት ወራት እንደቆየ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች የከተማው ሠራተኛ በየሱቁ እየገባች መጣች። ጨረታው ድጋሚ ወጥቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ኮንትራክተር አሸንፏል፣ በቅርቡ ይጀመራል አለችን በትህትና። ዋጋው እንዴት ወረደ ብዬ ጠየቅኳት። ከሥራው ላይ አንዳንድ ነገር ተቀንሶ ነው አለች። ምኑ ተቀነሰ? ከሱቆቹ ጀርባ ሊሠራላችሁ የነበረው ምትክ ማቆሚያ ነው አለችኝ። እንዲህ ያለ ማቆሚያ መኖሩንም የሰማሁት ያኔ ነው። ወይ ጉድ! የተሰረዘስ ነገር ነበር፤ የተሰረዘው ግን የእኛ ማቆሚያ ነው። ማንም ሕግ አልጣሰም፣ ማንም ክፉ አልተናገረንም። የሚሰደብ ሰው ባገኝ እንኳ ይቀለኝ ነበር።

ላንድሎርዱም ይህን ሰምቶ ራሱ መጣ። ሥራው ሳይጀመር ከነገራችሁኝ ከውሉ እለቃችኋለሁ አለን። እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ግን አመሰግናለሁ፣ አንወጣም ብሎ ሸኘው።

"አብደሃል?" አልኩት በሩ እንደተዘጋ።

"ምን ብዬ ልውጣ? ያ ሁሉ ሰው እልል ብሎ፣ ምን ብዬ?"

ድጋሚ ወጣ በላቸው አልኩት። ሰው ነህ፣ አልሰማህም፣ ተሳሳትክ፣ ማን ይሰቅልሃል አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ሆኖበታል። አንድ ጊዜ የሰረዘ አምላክ ሁለተኛም ይሰርዛል አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ አላመነበትም። ያኔ ንዴቴ ጠፍቶ አዘንኩ።

ከዚያማ አጥሩ መጣ፣ አቧራው መጣ፣ በራችን በብርቱካንማ ፕላስቲክ ታጠረ። ባለ ታክሲዎቹ ክላክስ እያደረጉ ሰላም ብለውን ያልፋሉ። መጀመሪያ አስተናጋጇን አሰናበትን፣ ቀጥሎ የምሳውን ሥራ ተውን፣ መንገዱ ሰፍቶ ሳያልቅ እኛ አለቅን። ላንድሎርዱ ያኔም ጨዋ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜው ስላለፈ ማስያዣችንን ወሰደ፣ መብቱ ነው። መንገዱ ሲከፈት ሰፊና ቆንጆ ሆነ። መኪናው ሁሉ ሳይቆም ያልፍበታል።

ባለቤቴ አሁን ኤርፖርት አካባቢ የሆቴል መንገደኛ ያመላልሳል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል። እየደከመኝ ነው፣ ሥራ አለብኝ፣ ወገቤ እያለ። እኔ ግን አምላኩን ያኮረፈ መስሎኝ ነበር። አንድ እሁድ ለባብሼ ስወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አየሁትና አላስቻለኝም።

"እግዚአብሔርን አኩርፈህ ነው?" አልኩት።

"ኧረ እሱ ምን አደረገኝ? ያላለውን አለ ያልኩት እኔ።"

"እንግዲያው ይቅር ይልሃላ፤ ተነስ፣ ልበስ።"

"እሱማ ይለኛል" አለ፣ ጫማውን እያየ። "ግን ከእንግዲህ ሲናገረኝ እሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

ቦርሳዬን አንስቼ ብቻዬን ሄድኩ።